ልጄ ኔፓል ሄጄ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ልርዳ አለችኝ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ ሕፃናት ማሳደጊያ ናቸው። አንዱ ከሜሪላንድ፣ አንዱ ከፍራንክፈርት፣ አንዱ ከሪያድ። ሳይመካከሩ አንድ ጉዳይ ላይ ስለጻፉልኝ አብሬ አቅርቤያቸዋለሁ። ለአዲስ አንባቢዎች፦ ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ማሳደጊያ ለዓመታት በማኅበራዊ ሠራተኛነት ሠርቻለሁ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም።

ጥያቄ፦ ልጄ 19 ዓመቷ ነው፤ የኮሌጅ ተማሪ ናት። ትምህርት ሲዘጋ ኔፓል፣ ካትማንዱ ሄጄ በወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ በበጎ ፈቃደኝነት ላገልግል ብላ ከአንድ ድርጅት ጋር ተጻጽፋለች። ለሦስት ሳምንት 1,900 ዶላር ይከፈላል፤ የአውሮፕላን ቲኬት ለብቻው ነው። ገንዘቡን ከቤተ ክርስቲያናችንና ከዕድራችን ሰዎች ለማሰባሰብ አስባለች። እኔ ደስ ብሎኛል፤ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ከምታፈጥ ይሻላል። አባቷ ግን «ሰው አገር ሄዳ የማንን ልጅ ልታሳድግ ነው?» ብሎ አኩርፏል። ምን ይመክሩናል?
*እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ*

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ልጅዎን አመስግኑልኝ። በዚህ ዕድሜ የሰው ችግር የሚያንገበግባት ልጅ ማሳደግ ቀላል ነገር አይደለም። ግን እኔም እንደ አባቷ አትሂድ ባይ ነኝ። ደግሞ በንዴት የተናገራት ነገር ዝም ብላ የምትታለፍ አይደለችም። የማን ልጆች ናቸው? ይህን ጥያቄ ከአውሮፕላን ቲኬቱ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዩኒሴፍ እንደሚለው በኔፓል ማሳደጊያዎች ከሚኖሩት ሕፃናት 85 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። ታዲያ እዚያ ምን ይሠራሉ? ኔፓል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1996 እስከ 2006 በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነበረች። በሰሜን ምዕራብ ጫፍ ሁምላ የሚባል፣ በዚያን ጊዜ የመኪና መንገድ ያልደረሰበት ተራራማ ወረዳ አለ። ደላሎች እዚያ ድረስ እየሄዱ ገበሬዎቹን «ልጃችሁን ካትማንዱ አዳሪ ትምህርት ቤት እናስገባላችኋለን፤ ከጦርነቱም ይተርፋል» አሏቸው። ወላጅ ምን ያድርግ? አንዳንዱ መሬቱን ሸጦ፣ አንዳንዱ ተበድሮ ከፈለ። ልጁ ካትማንዱ ሲደርስ አዳሪ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ማሳደጊያ ነው። እናትና አባቱ እንደሞቱ የሚገልጽ የሐሰት ወረቀት ተሠርቶለታል። ፈረንጅ መጥቶ ስለ አባቱ ከጠየቀው «ሞቷል» እንዲል ተነግሮታል።

ጦርነቱ አለቀ፤ ሥራው ግን አላለቀም። ገበያ አገኘ። ዛሬም በኔፓል አብዛኞቹ ማሳደጊያዎች የሚገኙት በአምስት ወረዳዎች ነው፦ ካትማንዱ፣ ላሊትፑር፣ ባክታፑር፣ የፖክሃራ ከተማ ያለችበት ካስኪ፣ እና ሰው አውራሪስ ለማየት የሚሄድበት ቺትዋን። የአገሪቱ ድሆች የተከማቹት እነዚህ ወረዳዎች ላይ አይደለም። ቱሪስት የሚበዛው ግን እነዚህ ላይ ነው። የእናት ሞት የቱሪስት መንገድ እየተከተለ አይሄድም መቼም። በፈረንጆቹ 2015 ከባዱ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ደግሞ የኔፓል መንግሥት ሕፃናት ያለ ወላጅ ከወረዳቸው እንዳይወጡ፣ አዲስ ማሳደጊያም እንዳይመዘገብ ከልክሏል። ሊመጣ ያለውን ስላወቀ ነው።

ስለዚህ የልጅዎ 1,900 ዶላር ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ባለማሳደጊያው ገንዘቡን የሚያገኘው ልጅ ካለው ነው። ልጁ ወደ ቤቱ ከተመለሰ ገቢው ይቀራል። ይባስ ብሎ፣ ልጁ ወፍራምና ደስተኛ ከሆነ የእንግዳ እጅ አይፈታም። አውስትራሊያ በፈረንጆቹ 2018 የዘመናዊ ባርነት ሕጓን ስታወጣ ልጆችን እንዲህ እየሰበሰቡ ማሳደጊያ ማስገባትን ከዘመናዊ ባርነት የቆጠረችው በዚህ ምክንያት ነው። በዓመቱ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም ስለዚሁ ጉዳይ ውሳኔ አሳልፏል።

አንድ ነገር በጎን ልጨምር፦ በኔፓል ሕግ በቱሪስት ቪዛ ገብቶ መሥራት ክልክል ነው፤ በነፃ ማገልገልም ቢሆን። ድርጅቱ በምን ዓይነት ቪዛ እንደሚያስገባት ልጅዎ ትጠይቅ። መልሱ ላይ መንተባተብ ካለ ሌላውን መጠየቅም አያስፈልጋት።

አሁን ወደ ልጆቹ ልምጣ፤ እኔን የሚያበሳጨኝ ይኼኛው ነውና። ልጅዎ ግቢው ውስጥ ስትገባ ሦስትና አራት ዓመት የሆናቸው ሕፃናት ሮጠው እግሯ ላይ ይጠመጠማሉ። «አቅፊኝ፣ አቅፊኝ» ይላሉ። ልቧ ይቀልጣል። እኔ ግን ሥራ ላይ ሳለሁ ይህን ባየሁ ቁጥር እደነግጥ ነበር። እናቱ ጋር የሚያድግ የሦስት ዓመት ልጅ እንግዳ ቤት ሲገባ ምን ያደርጋል? የእናቱን ቀሚስ ይዞ ከኋላዋ ይደበቃል። በአንድ ዓይኑ አጮልቆ ያያል። ከረሜላ ቢያሳዩት እንኳ መጀመሪያ የእናቱን ፊት ያነባል። ጤነኛ ልጅ እንዲህ ነው። ያገኘውን ሁሉ «እማዬ» እያለ የሚጠመጠም ልጅ ግን የእኔ የሚለው ሰው ኖሮት አያውቅም።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ሮማንያ ውስጥ አምባገነኑ መሪ ቻውቼስኩ ሲወድቅ ከመቶ ሺህ በላይ ልጆች በመንግሥት ማሳደጊያዎች ተገኙ። ተመራማሪዎች ዋና ከተማዋ ቡካሬስት ላይ 136 ሕፃናትን ወስደው ግማሾቹን በዕጣ ወደ አደራ ቤተሰብ አስገቡ፤ ግማሾቹ እዚያው ማሳደጊያው ቀሩ። ከዚያ ለዓመታት ተከታተሏቸው። ሁለት ዓመት ገደማ ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮ ዕድገትም፣ ከሰው ጋር በመተሳሰርም የተሻሉ ሆኑ። በማሳደጊያ የቀሩት አልጋም ምግብም ነበራቸው። የጎደላቸው ጠዋትም ማታም የማይለወጥ አንድ ሰው ነው። እና እኛ ለዚህ ልጅ የምንልክለት ምንድን ነው? በየሦስት ሳምንቱ የምትለወጥ አዲስ «እህት»።

እኛ ግቢ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። በአንድ ክረምት የመጣች ፈረንጅ ተማሪ ወደደቻት፤ በየቀኑ በረንዳው ላይ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ፀጉሯን ታበጥራታለች፣ ትሠራታለች። ተማሪዋ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ስትሄድ ከልጅቷ እኩል አልቅሳለች፤ አገሯ ገብታ ደብዳቤም ጽፋለች። ልጅቷ ግን ከዚያ በኋላ ፀጉሯን ማንም እንዲነካ አልፈቀደችም። ሞግዚቷ ማበጠሪያ ይዛ ስትመጣ አልጋ ሥር ትገባለች። ፀጉሯ ተቋጠረ፤ ቅማል ገባበት፤ በመጨረሻ አራት ሰው ይዟት ተላጨች። ደብዳቤው ላይ ስለዚህ የሚጻፍ መልስ አልነበረኝም። «ደህና ናት፣ ትናፍቅሻለች» ተብሎ ተላከ።

ደግሞ እስቲ ይህን አስቡት፦ እዚያው ሜሪላንድ ልጅዎ ተነስታ «ሦስት ሳምንት ክፍት ጊዜ አለኝ፣ በፎስተር (በአደራ ቤተሰብ) ያለ ሕፃን ልቀፍ» ብትል ማን በር ይከፍትላታል? ፍርድ ቤት ለሕፃናት የሚመድባቸው «ካሳ» የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች እንኳ 21 ዓመት መሙላት፣ መሠልጠን፣ የወንጀል ሪከርዳቸው መጣራት አለበት። አሜሪካ ለራሷ ልጅ የማትፈቅደውን የኔፓል ልጅ ላይ ለምን እንፈቅዳለን? ድሃ ስለሆነ?

ታዲያ ምን ታድርግ? ኔፓልን ማየት ከፈለገች ትሂድ፤ እንደ ቱሪስት። አናፑርና ተራራ ሥር በእግሯ ትጓዝ፤ ዳል ባቷን (ምስርና ሩዟን) ትብላ፤ የአገሬውን ልጅ አስጎብኚ ቀጥራ በደንብ ትክፈለው። የሱ ልጆች በዚያ ገንዘብ ቤታቸው ሆነው ይማራሉ። የዕድሩን ሰው ግን ለዚህ አታስቸግር። ከልጆች ጋር መሥራት ከፈለገች ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ምን ጎደለው? ትናንት ከአገር ቤት የመጣ፣ የቤት ሥራው የጠፋበት፣ እናቱ ሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ስንት ልጅ አለ! ወይም «ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ» ጋር ትመዝገብ። እነሱ ከአንድ ልጅ ጋር ያገናኙና አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ አንድ ዓመት ቁርጠኛ ሁኚ ይላሉ። አንድ ዓመት በየሳምንቱ መቅረብ ይሰለቻል፤ ፎቶውም አያምርም። እንደሱ ነው ልጅ የሚረዳው።

ይህን ሁሉ ሰምታ «እሄዳለሁ» ካለች አንድ ጥያቄ ለድርጅቱ ትጻፍላቸው፦ ባለፈው ዓመት ስንት ልጆችን ወደ ወላጆቻቸው ወይም ወደ ዘመድ መለሳችሁ? በዚህ የሚኮራ ድርጅት ዝርዝሩን ሳይጠየቅ ይነግራታል። «ቤታችን 60 ልጆች አሉ» ብሎ የሚኮራ ከሆነ ገንዘቧን ኪሷ ውስጥ ታቆየው።

ጥያቄ፦ 33 ዓመቴ ነው። ፍራንክፈርት አንድ ሆስፒታል ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ለገና አዲስ አበባ እመጣለሁ፤ ሦስት ሳምንት ፈቃድ አለኝ። አንድ ማሳደጊያ ሄጄ ልጆቹን ማጫወት፣ ስጦታ መስጠት፣ ልደቴንም እዚያው ኬክ ቆርጬ ማክበር አስቤያለሁ። አንዳንድ ሰው «ይቅርብህ» ይለኛል። አበበች ጎበናስ ልጅ አቅፈው አይደል የጀመሩት?
*ከፍራንክፈርት*

መልስ፦ ዕድሜህን ስለነገርከኝ አንተ ልበልህ።

ወይዘሮ አበበች ጎበና ለግሼን ማርያም ሄደው ከወሎ ረሃብ መሃል ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ሲገቡ የመመለሻ ቲኬት አልነበራቸውም። ትዳራቸውም ቤታቸውም በዚያው ፈረሰ። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ከአርባ ዓመት በላይ ከልጆቹ ጋር ኖሩ። አንተ ጥር ላይ ሥራ ትገባለህ። ነውር የለውም፤ ግን ሁለቱን አናወዳድር።

ኬኩን ተወው። እኛ ግቢ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው ልደት ይከበር ነበር። ልጆቹ ለምደውት ክሬሙን ልሰው ዳቦውን ያስቀምጡታል። «ሃፒ በርዝደይ»ን ከፊደል በፊት ነው ያወቁት። ከእነሱ መሃል የራሱን ልደት የሚያውቅ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። አሁን ደግሞ ቲክቶክ ላይቭ ተጨምሮበታል፤ የልጁ ፊት ሳይጠየቅ ለዓለም ይበተናል። ልደትህን እናትህ ቤት አክብር።

አንተ ግን እጅህ ላይ ሙያ አለ፤ እሱን ይዘህ ና። ማሳደጊያዎች ውስጥ ማንም ወስዶ የማያሳድጋቸው፣ ለብዙ ዓመት የሚቀሩት የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ናቸው። ሴሬብራል ፓልሲ (አንጎል ተጎድቶ ጡንቻን ማዘዝ የሚያስቸግር ሕመም) ያለበት ልጅ እንዴት እንደሚመገብ ብታይ ልብህ ይሰበራል። ሞግዚቷ አሥር ልጅ አለባት። ልጁን አንጋልላ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥላ፣ ገንፎውን በማንኪያ ታንቆረቁርለታለች። እሱ ያስለዋል፣ ይታነቃል። ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባል። ከዚያ የሳንባ ምች ይሆናል፤ አንዳንዴም ይሞታል። «ደካማ ነበር» ይባላል። ሞግዚቷ ጨካኝ ሆና አይደለም። ማንም አላሳያትም፤ ጊዜም የላትም። ቀና አድርጎ ማስቀመጥን፣ አገጩን ትንሽ ዝቅ ማድረግን፣ ማንኪያውን ከፊት ለፊት ማምጣትን፣ እስኪውጥ መጠበቅን አንተ በአንድ ከሰዓት ታሳያታለህ። ከካርቶንና ከሙጫ ለልጁ ልክ የሚሆን ወንበር መሥራትም ይቻላል፤ ከሙያ ጓደኞችህ የሚያውቅ አይጠፋም።

ሥልጠናውን ለሞግዚቶቹ ስጥ፤ ልጆቹን ግን እነሱ ይያዙ። የምታሳያት በእሷ እጅ ላይ ሆኖ ነው፤ ነገ የምትቀረው እሷ ናት። በሚመጣውም ዓመት እዚያው ቤት ተመለስ። በመሃል በቴሌግራም ቪዲዮ ይላኩልህ፣ አስተካክልላቸው። ከመምጣትህ በፊት ለቤቱ ጻፍ፤ ፈቃድና ከወንጀል ነፃ መሆንህን የሚያሳይ ማስረጃ ከጠየቁህ አትቀየም። ካልጠየቁህ ነው መጠርጠር ያለብህ። ስጦታ ካልክ ዳይፐር ግዛ፤ ትልልቁን ቁጥር። ከአምስት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ የሚሆን ዳይፐር ማንም አያመጣም።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ እኔ ሪያድ ሰው ቤት እሠራለሁ። እህቴ ደሴ አካባቢ ገጠር ናት፤ ባሏ ሞቶባት አራት ልጅ ታሳድጋለች። በቅርቡ አንድ ሰው መጥቶ «አዲስ አበባ ፈረንጆች እየመጡ የሚያግዙት ማሳደጊያ አለ፤ እንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ ሁለቱን ትንንሾች ስጪኝ» አላት። እናታችን «አላህ ያመጣው ሲሳይ ነው» ትላለች። እህቴ ልትሰጥ ነው። እኔ ሆዴ ፈራ። ምን ልበላት?
*ከሪያድ*

መልስ፦ የእኔ እህት፣ ሆድሽ እውነቱን ነው። ከላይ ስለ ሁምላ የጻፍኩትን አንብቢው። አገሩና ደላላው ነው የተለወጠው።

እኛም አገር ይህን አይተነዋል። በፈረንጆቹ 2010 ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,500 በላይ የኢትዮጵያ ልጆች በጉዲፈቻ ሄደዋል። ከእነሱ መሃል እናታቸው በሕይወት ያለች፣ «ተምሮ ይመለሳል፣ ይረዳሻል» ተብላ የፈረመች አሉ። ጉዲፈቻ ማለት ልጁ ለዘላለም የሌላ ሰው ልጅ ሆነ ማለት እንደሆነ የነገራት አልነበረም። ፓርላማው በጥር 2010 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2018) የውጭ ጉዲፈቻን የዘጋው እንዲህ ያለው ነገር በዝቶ ነው። አሁን ልጅ ወደ ውጭ አይሄድም፤ ግን ፈረንጁን ወደ ልጁ ማምጣት ይቻላል።

እናታችሁን አትቆጪያት። አራት ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ቤት ይህን የመሰለ ነገር ሲመጣ ሲሳይ ይመስላል። እህትሽ ልጆቿን ስለጠላች አይደለም ልትሰጥ ያሰበችው። ግን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ይላል። ድህነት ብቻውን ልጅን ከእናቱ መለያ ምክንያት አይሆንም።

ለእህትሽ እንዲህ በያት፦ ሰውየውን «ልጆቼን መርዳት ከፈለግክ እዚሁ እኔ ቤት እርዳቸው፤ ደብተሩንም ጫማውንም እዚህ አምጣ» ትበለው። እሺ ካለ እሰየው። «አይ፣ ልጆቹን ካልሰጠሽኝ» ካለ ምን ፈልጎ እንደመጣ ታውቃላችሁ። ከዚያ ወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ሄዳ ስሙን፣ የማሳደጊያውን ስምና የሰጣትን ስልክ ታስመዝግብ። ፈቃድ ያለው ቤት ልጅ የሚቀበለው በመንግሥት በኩል፣ በወረቀት ነው። መንደር ለመንደር እየዞረ ልጅ አይለቅምም።

አንቺም የምትልኪውን ገንዘብ እናትሽ ጋር ከምታደርጊው ከፊሉን በቀጥታ ለእህትሽ ላኪላት። ሁለት ሴት በጎች ብትገዛ ለአንድ ቤት ቀላል ነገር አይደለም፤ ወሎ ያደግሽ ልጅ ይህን ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ።

ግን ይህን ሁሉ ከማድረግሽ በፊት ዛሬ ማታ ደውዪላት። የልጆቹን የልደት ካርድ ወይም ፎቶ ሰጥታው ከሆነ ነገ ሄዳ ትቀበለው። ያልገባት ወረቀት ላይ አውራ ጣቷን እንዳታሳርፍ።